የእናታችንን ስም በምን እናስጠራው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እናታችን በማህፀን በር ካንሰር ካረፈች በሚቀጥለው ወር አንድ ዓመት ይሞላታል። ሕመሙ ሲጀምራት 54 ዓመቷ ነበር። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም እየታያት ለማንም ሳትናገር ከርማለች። ሁላችን ከተኛን በኋላ በጓሮ፣ በጨለማ፣ የውስጥ ልብሷን ታጥብ እንደነበር ያወቅነው ታናሽ እህቴ አንድ ሌሊት ለውኃ ወጥታ ስላገኘቻት ነው። በአቅራቢያችን ያለ አንድ የጤና ተቋም ኢንፌክሽን ነው እያለ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጣት እንጂ በመሣሪያ ያያት አልነበረም። ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ስንደርስ በሽታው ተሰራጭቶ ነበር፤ የጨረር ወረፋ እየጠበቅን በዘመድ ቤት አምስት ወር ተቀመጥን። አሁን ታላቅ ወንድማችን ለሙት ዓመቷ ደግሰን ተዝካሯን እናውጣ ይላል፤ እኔ ደግሞ በገንዘቡ በስሟ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት እናቋቁም እላለሁ። የ34 እና የ41 ዓመት እህቶቼን ተመርመሩ ብላቸው፣ ሳይታመሙ መመርመር በሽታ መጥራት ነው ብለው አሻፈረን አሉኝ። የ12 ዓመት ልጄንስ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ላስከትባት? ቀድመን ብናስመረምራት ኖሮ ትድን ነበር የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ? ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር። ቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚባለው ምንም ሕመም ለማይሰማቸው ሴቶች የሚደረግ ነው። እናትዎ ግን ደም ከታያቸው ዕለት ጀምሮ ሕመምተኛ ስለነበሩ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነበር፤ ይኸውም የማህፀን በራቸው በመሣሪያ ታይቶ፣ አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ መመርመር ነው። ሦስት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደው ይህ ሳይደረግላቸው መቅረቱ የልጆቻቸው ጥፋት አይደለም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶ የሚሸኙበት ነገር አይደለም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደምና መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽም እንዲሁ ነው። ይህን የምጽፈው ዛሬም ልብሳቸውን በጨለማ የሚያጥቡ እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

የእህቶችዎ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። እነርሱ ጤነኞች ናቸው፤ ምርመራው የተዘጋጀውም ለእንዲህ ያሉ ጤነኞች ነው። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው በግንኙነት ከሚተላለፍ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) ሲሆን፣ ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን 70 በመቶ ያህሉን ያደርሳሉ። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሲቀር ግን ቀስ በቀስ የማህፀን በርን ሴሎች ይለውጣል፤ ለውጡ ካንሰር እስኪሆንም ጤናማ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለና ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥራል። ምርመራው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ገብቶ ለውጡን ካንሰር ሳይሆን ይይዘዋል፤ እህቶችዎ «በሽታ መጥራት» ሲሉ ያልተረዱትም ይህንን ይመስለኛል።

አሠራሩን ሳያውቁ የሚፈሩት ብዙዎች ስለሆኑ እንደሚከተለው እገልጸዋለሁ። ሴቲቱ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ከወገብ በታች በጨርቅ ትሸፈናለች። አዋላጅዋ ወይም ነርሷ የማህፀን በሩን የሚያሳይ መሣሪያ ታስገባና ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘውን አሲድ፣ በጥጥ ትቀባለች። ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። የተለወጡ ሴሎች ካሉ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ለውጡ ለዚያ የሚስማማ ከሆነም በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። እኔ ራሴ ከሰባት ዓመት በፊት የታየሁት እህቴ እጄን ይዛ ስለወሰደችኝ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የጠበቅሁበት ጊዜ አልጋው ላይ ከተኛሁበት እጅግ ይረዝም ነበር። ይህ በዓይን የሚደረገው ምርመራ በአገራችን በዋናነት የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ስለሆነ ሁለቱም እህቶችዎ ዕድሜያቸው ደርሷል። ከ50 ዓመት በላይ ግን የሚታየው የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ዘዴ አስተማማኝ አይሆንም። እንግዲህ እናትዎን በ54 ዓመታቸው ቀድማችሁ ብትወስዷቸው እንኳ ይህ ምርመራ የሚመጥናቸው አልነበረም፤ በራስዎ ላይ የጫኑትን ሸክም ያወርዱት ዘንድ ይህንንም ልብ ይበሉልኝ።

ልጅዎን ያስከትቧት። ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጥቷል። ያመክናል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ስታድግ ደግሞ ምርመራው ያስፈልጋታል፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይሸፍንምና።

አሁን ወደ ድርጅቱ ልመለስ። ሐዘንን ወደ ሥራ በመለወጥ ረገድ ከአገራችን የምናውቀው ምሳሌ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. መሠረቱት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። ልጃቸውን የወሰደው የደም ካንሰር አስቀድሞ በምርመራ የሚደረስበት አይደለም፤ ለሕፃናት ሉኪሚያ ቅድመ ምርመራ የለምና። እነርሱ ግን ለራሳቸው ልጅ ባይጠቅምም ለሌሎች እናቶች የሚደርሰውን የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ሥራቸው አደረጉት፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማረፊያ ላጡ ሕሙማንም አዲስ አበባ ላይ መጠለያ አዘጋጁ፤ በትምባሆ ቁጥጥሩም ከሚሟገቱት መካከል ሆኑ። አምስት ወር በዘመድ ቤት የጠበቃችሁ እናንተ የመጠለያውን ትርጉም ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል፤ ያም ሆኖ ከገጠር ለሚመጣ ሕመምተኛ መንገዱ አሁንም ሩቅ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ እርስዎ አሁኑኑ ድርጅት ባያቋቁሙ እመርጣለሁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ ይቻላል፤ ሆኖም ምዝገባው፣ ቦርዱ፣ የሒሳብ ምርመራው፣ አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ የማድረግ ግዴታው፣ ሁሉም የሚጠብቅዎት ሐዘንዎ ገና ትኩስ ሳለ ነው። እድር ግን በዚህ አዋጅ አይገዛም፤ ሰውም ገንዘብም መተማመንም አለው። የእናትዎ እድር ሴቶች እነማን እንደሆኑ በስም ያውቋቸዋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን መዝግባችሁ፣ በወር አምስት አምስት ሴት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ፣ አስታማሚ ለሌላት ሰው ብታቆሙላት፣ የመጓጓዣ ዋጋ ለሌላት ብትከፍሉላት፣ የእናትዎ ስም ከማኅተምና ከደብዳቤ ይልቅ እዚያ ይጠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሄደው፣ ነጭ የታየባት ሴት በዚያው ቀን ትታከማለች ወይ፣ ካልታከመች ወዴት ትላካለች፣ ካንሰር የተጠረጠረባትንስ ማን ይከታተላታል ብለው ይጠይቁ። በአንድ ቀን ብዙ ሴት ሰብስቦ መርምሮ፣ ለውጥ የተገኘባትን «ሪፈር ሂጂ» ብሎ መሸኘት ፍርሃት አሸክሞ መላክ ነው። የሰበሰባችሁት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ ሁሉንም ለእነዚህ ጥቂቶች መሳፈሪያና ማደሪያ አውሉት።

ተዝካሩን ከዚህ ጋር አታጋጩት፤ ወንድምዎ እናቱን በሚያውቀው መንገድ ማክበሩ ነው። ድግሱ ቀለል ይበልና እዚያው ላይ አንድ ነገር አድርጉ። በቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባላል፤ የበሽታው ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ቤተሰቡ ተስማምቶ በሙት ዓመቱ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ፣ እናታችን ያረፈችው በማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ምልክቱም ይህ ነበር ብሎ ቢናገር፣ ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ የደበቀችውን ልትናገር ትችላለች። የሌሊቱን እጥበት መናገር የለባችሁም፤ እርሱ የእናትዎ ምስጢር ነው። የበሽታውን ስም ግን ጥሩት።

እህቶችዎን በተመለከተ፣ አትከራከሯቸው፤ ዕድሜዎ ለምርመራው የደረሰ ከሆነ እርስዎ ቀድመው ይታዩና እነርሱ አስታማሚ ሆነው ይምጡ። ቀኑን የወር አበባ በማይኖርበት ጊዜ ያድርጉት፤ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ግንኙነት ባይኖርና በብልት የሚገባ መድኃኒት ባይጠቀሙ ይመረጣል። ሰፋ ያለ ጉርድ ቀሚስ ይልበሱ፤ የሚሰጥዎትን የውጤት ወረቀት ቀጣዩ ቀጠሮ ተጽፎበት እንደሆነ አይተው ይቀበሉ።