ቴርሞሜትሩን ማን ያዘው?

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሳይንስ ቶሎ ለሚገባችሁ፣ ግን ክፍል ውስጥ ድምፃችሁ ለማይሰማ ሴቶች ነው። ወንዶችም አንብቡት፣ ይመለከታችኋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ገባልን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል። ቁም ቢሉት አይቆም፣ ድገም ቢሉት አይደግም። ለእኛ የተረፈን መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። "ሪሞት ያዥ ሆንን" እያልን እንቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ውሃ መፍላት ተማርንና ላብራቶሪ ገባን። አንዱ ቡድን ውስጥ አራት ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ማታ ወረቀታቸውን ሳርም "100 ዲግሪ" ይላል። ከሥሩ ግን በእርሳስ ተጽፎ የተፋቀ 92 ይታያል። በማግስቱ ጠራኋት።

"ቲቸር፣ ያየሁትስ 92 ነው። ፕላዝማው 100 ስላለ ልጆቹ አጥፊው አሉኝ።"

ልክ እሷ ነበረች! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደሴ ላይ ንፍሮ ዝቅ ብላ ካለችው ኮምቦልቻ ይልቅ እሳት ላይ የሚቆየውም ለዚሁ ነው። እናቶቻችንን ብንጠይቅ ይነግሩን ነበር።

ጥፋቱን ልጆቹ ላይ ብቻ አልጥልም። "ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ መዝግቢ" ያልኳት እኔ ነኝ። ቴርሞሜትሩ ወንዶቹ እጅ ገባ። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣም ያው ነው፤ ማውሱ ወንድ እጅ፣ ሴቷ ከኋላ ቆማ በትከሻ በኩል ታያለች። የሆነ ገመድ ሲላቀቅ እንኳ የምጠራው ወንድ ነበር። ጎበዝ ሴት ዝም ስትል ደግሞ "ጨዋ" እንላታለን። ማን ያውቃል፣ ጨዋ ስንላት ስንት 92 አስፍቀናታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የቡድን ሥራ ሲሰጣችሁ ገና ሳይጀመር "ዛሬ መዝጋቢው ሌላ ነው፣ መሣሪያውን እኔ እይዛለሁ" በሉ። ቢስቁም አብሽሩ። መሣሪያ የሚለመደው በእጅ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተዘርፈዋል፤ "ላብራቶሪ የለንም" ብትሉ እውነታችሁን ነው። ግን ስልክ አለ። ፌት (PhET) የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሳይንስ ሙከራ ድረ ገጽ አለ። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን፣ ሞገዱን፣ አተሙን ስክሪን ላይ እየነካካችሁ ትሞክሩበታላችሁ። ፋይፎክስ (phyphox) የሚባለው የጀርመን አፕ ደግሞ ስልኩን ራሱን መለኪያ ያደርገዋል። ስልኩ የግፊት ሴንሰር ካለው (ሁሉም የለውም) ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ክፈቱት። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጆሯችሁ ሲደፈን የግፊቱ ቁጥር ሲጨምር ታያላችሁ። ቤት ውስጥ ስልኩ የወንድም ከሆነ ግን ወላጆች፣ ለእሷም ሰዓት መድቡላት። እቃ አጥባ፣ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ባትሪ ያለቀበት ስልክ አትስጧት።

ቻትጂፒቲንም ጠይቁ፣ አልከለክልም። ውሃ ስንት ላይ ይፈላል ብትሉት ግን 100 ሊላችሁ ይችላል። ደሴ መሆናችሁን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? እሱም እንደ ፕላዝማው ነው፣ ድስታችሁን አላየም።

ያቺን ልጅ ክፍል ፊት ወጥታ እንድታስረዳ ጠይቄያት ነበር። "ቲቸር፣ ይቅርብኝ" አለች። እኔም ተውኩት። ዛሬ ቢሆን አስረጂ አልላትም ነበር። ምድጃውን እንደገና አስለኩስና ቴርሞሜትሩን እጇ ላይ አስቀምጥላት ነበር።