የእቁብ ዕጣና የሎተሪ ዕጣ

ጥያቄ፦ በቡሬ ከተማ እህል እነግዳለሁ። 20 ሆነን በየሳምንቱ 500 ብር የምንጥልበት እቁብ አለን፤ 12 ሳምንት አልፎ ዕጣው ገና አልወጣልኝም። ሎተሪም ለዓመታት ብቆርጥ አልደረሰኝም። ብዙ ስለቆየሁ በሁለቱም ዕድሌ ጨምሯል ማለት ነውን? የእቁቡን ገንዘብ በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ለበቆሎ መግዣ እፈልገዋለሁ።
አንባቢ፣ ከቡሬ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በእቁቡ ጨምሯል፤ በሎተሪው ግን ምንም አልጨመረም። በእቁብ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ስም ዳግመኛ ስለማይገባ ያለፈው ዕጣ የሚመጣውን ይለውጠዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ20 አንድ የነበረው ዕድልዎ፣ 8 ሰዎች ብቻ በቀሩበት በ13ኛው ሳምንት ከ8 አንድ ሆኗል። በሎተሪ ግን እያንዳንዱ ዙር ራሱን የቻለ ስለሆነ፣ ባለፈው የቆረጡት ቲኬት ባዶ መውጣቱ በዛሬው ዕጣ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። በሒሳብ ነጻ ክስተቶች የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1913 በሞናኮ በሚገኘው የሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት፣ ሩሌት በተባለው፣ ኳስ ቀይና ጥቁር ማረፊያዎች ባሉት ተሽከርካሪ ጎማ ላይ በሚጣልበት ጨዋታ፣ ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ ስታርፍ፣ ተጫዋቾች «ከእንግዲህስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም» እያሉ በቀይ ላይ ገንዘብ ደራርበው ብዙ ከስረዋል፤ ከጎማው 37 ማረፊያዎች ቀዩ 18 ስለሆነ፣ የቀይ ዕድል ግን በየዙሩ ያው ከ37 18 ነበር። ስሕተቱ የነጋዴን መነሻ ገንዘብ ሳይታወቀው የሚጨርስ በመሆኑ አጥብቀን እናሳስብዎታለን።

ሁለቱ በተጠባቂ ዋጋም ይለያያሉ፤ ይህም እያንዳንዱን ውጤት በዕድሉ አባዝቶ በመደመር የሚገኝ አማካይ ነው። ለምሳሌ 10 ብር የሚሸጥ 10,000 ቲኬት ቢኖርና ሽልማቱ አንድ ብቻ፣ እርሱም 60,000 ብር ቢሆን፣ የአንዱ ቲኬት ተጠባቂ ዋጋ 6 ብር ስለሆነ በአማካይ 4 ብር ይከስራሉ። በእቁብዎ ግን በ20 ሳምንት 10,000 ብር ጥለው ያንኑ 10,000 ብር ስለሚወስዱ፣ ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስዎ ብቻ ነው፤ ለነጋዴ ግን ጊዜው ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አንዘነጋም።

በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ የሚወጣልዎ ዕድል ከ8 ሦስት፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ የበቆሎውን ግዢ በዕጣው ላይ ብቻ አይመሥርቱ፤ ዳኛው ከፈቀዱና ቀድሞ የሚወጣለት እቁብተኛ ከተስማማ፣ ተራ መለዋወጡን ከወዲሁ ቢነጋገሩበት ይሻላል።