ባቄላና አተር፦ ኢንቲጀሮችን ስለመደመር ጥያቄና መልስ

በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን ለ29 ዓመታት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ዛሬ ማታ የምመልሰው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኢንቲጀሮችን፣ ማለትም ከዜሮ በላይና በታች ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን፣ ስለመደመር ነው። አደራ፣ የማባዛትን የምልክት ሕግ ወደ መደመር አታምጡ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። −8 + 5 ስንት ነው ስላት አንዴ −13፣ አንዴ 3 ትለኛለች። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ሰፌድ ያውርዱ፤ አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ አተርም ያምጡ። ባቄላው ያለን ብር፣ አተሩ ያለብን ዕዳ ይሁን። ስምንት አተርና አምስት ባቄላ ሰፌዱ ላይ ታድርግ። አንድ ብር ኖሮት አንድ ብር ዕዳ ያለበት ሰው ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ባቄላ አንድ አተር ይዞ ከሰፌዱ ይውረድ። ባቄላው ሲያልቅ ሦስት አተር ይቀራል። መልሱ −3 ነው። −13 ያለች ጊዜ ባቄላውንም እንደ አተር ቆጥራዋለች። 3 ያለች ጊዜ ደግሞ ቁጥሩን አግኝታለች፤ የቀረው አተር መሆኑን ግን አላየችም። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ ያሳዩአት። ምልክታቸው ሲለያይ ፍፁም ዋጋቸውን (ያለ ምልክት ያለውን ቁጥር) አቀናንሶ የትልቁን ምልክት መስጠት የሚለው ሕግ ከሰፌዱ በኋላ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ልጅቱ ሕጉን ሸምድዳ ነገሩን ሳታውቀው ታልፋለች።

ከእነዋሪ፦ −4 + (−6) አስር ነው አይደል? ኔጋቲቭና ኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ይሰጣል ተብለን ነው የተማርነው።

መልስ፦ አይደለም፤ −10 ነው። ገና ስጀምር አደራ ያልኩት ይህንኑ ነው። ያ ሕግ የማባዛትና የማካፈል ነው። ለአንዱ ነጋዴ 4 ሺህ፣ ለሌላው 6 ሺህ ብር ዕዳ ያለበት ገበሬ በጎቹን ሸጦ 10 ሺህ ይከፍላል እንጂ 10 ሺህ አይቀበልም።

ከሸዋሮቢት፦ ልጅን በዕዳ ማስተማር ደስ አይልም። በሙቀት መለኪያ ቢሆን አይሻልም?

ከደብረ ብርሃን፦ እናንተ ቆላ ሆናችሁ ከዜሮ በታች የት ታውቃላችሁ? ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥልበት ያደረ የእኛ ልጅ ነው የሚያውቀው።

ከሸዋሮቢት፦ ቆላ ብንሆንም ቴርሞሜትር እናነባለን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ሙቀት ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ሌሊት −2 የነበረው በ15 ዲግሪ ሲጨምር 13 ይሆናል። ነገር ግን የትናንቱ ውርጭ ከዛሬው ውርጭ ጋር ቢደመር ምንም ትርጉም የለውም። ዕዳ ግን ከዕዳ ጋር ይደመራል። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ628 ሕጉን የጻፈው በሀብትና በዕዳ ነው፤ ሀብትና ሀብት ሀብት፣ ዕዳና ዕዳ ዕዳ፣ እኩል የሆኑ ሀብትና ዕዳ ዜሮ። ከዚያ ከ900 ዓመታት በኋላ፣ በ1544፣ ጀርመናዊው ሚካኤል ሽቲፈል ኔጋቲቭ ቁጥሮችን ትርጉም የለሽ ቁጥሮች ብሎ ጠርቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው የተቸገረበትን ነገር የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ሳምንት አልያዘችም ብላችሁ አትቆጧት። ቻይናውያን ደግሞ ከብራህማጉፕታም አስቀድመው በቀይና በጥቁር ዘንጎች ይቆጥሩ ነበር፤ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ።

ከዓለም ከተማ፦ ተገላቢጦሽ አልሆነም? በሒሳብ መዝገብ ቀይ ኪሳራ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ቻይና ውስጥ ቀይ የደስታ ቀለም ነው፤ ሠርጋቸውን አላየህም?

ከዓለም ከተማ፦ ሠርግና የሒሳብ መዝገብ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ በዘንጎቹ ቀዩ ፖዘቲቭ ነበር፤ የቀለሙ ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ።

ከጣርማበር፦ ሒሳብ ጎበዝ ለመሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። የከበደህን አንድ ስሌት ጻፍልኝ።

ከአንኮበር፦ መምህር፣ 7 − (−2) ለምን 9 ይሆናል? «ሁለት ሰረዝ ሲገናኝ መስቀል ይሆናል» ከማለት በቀር ማንም አላስረዳኝም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሰባት ባቄላ ሰፌዱ ላይ አድርጊ። «ሁለት አተር አንሺ» ተብለሻል፤ አተር ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ባቄላና ሁለት አተር ጨምሪ። እነርሱ ተጣፍተው ዜሮ ስለሆኑ የሰፌዱ ዋጋ አልተለወጠም። አሁን ሁለቱን አተር አንሺ። ዘጠኝ ባቄላ ቀረ። ዕዳ ሲነሣልሽ ሀብትሽ ይጨምራል፤ መቀነስ ማለት ተቃራኒውን መደመር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሰረዝና መስቀል እያሉ ማስሸምደድን ከክፍላችን ማስወጣት አለብን፤ ልጆቹ ያንኑ ይዘው ነው −4 + (−6) አስር ነው የሚሉት።

ከመሐል ሜዳ፦ ኔጋቲቭ ሲደመር ኔጋቲቭ ምን ነበር?

መልስ፦ ለእነዋሪው ጠያቂ የመለስኩትን ያንብቡ። ማባዛትን ወደ መደመር አታምጡ።

ከሞላሌ፦ ካልኩሌተር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

መልስ፦ ምልክቱን አሳስተው ከነኩት እርሱም ተሳስቶ ይመልሳል። ቀጣይ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ሰፌዱን አውርደን ሠራነው፤ −3 አለች። አሁን ራሷ −8 + 5 + 8 + (−5) ብላ ጽፋ፣ ሳትቆጥር «ሁሉም ይወርዳል» አለችኝ። ልክ ናት?

መልስ፦ ልክ ናት፤ ተቃራኒዎቹን አጣምራቸዋለች። ነገ −12 + 7ን ያለ ሰፌድ ትሞክረው።