ጥያቄና መልስ፦ ትንንሽ ውሾችና ጥርሳቸው

ዶክተር፦ ሰላም የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች። ዛሬ የምመልሰው ስለ ትንንሽ ውሾች ጥርስ ነው። ማልቲዝ፣ ፑድል፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋ፣ ከእነሱ የተዳቀሉትም። ስትጠይቁ ዕድሜውን፣ ክብደቱንና የሚበላውን ጻፉ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳትጠይቁኝ። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም። ጥርሱን ቤት ውስጥ በብረት አትፋቁ። በሉ ጀምሩ።

የሉሉ እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ዶክተር፣ ሉሉ ማልቲዝ ናት። 7 ወሯ ነው፣ 2 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ደረቅ ምግብና የተቀቀለ ዶሮ ትበላለች። ክራንቻዋ ላይም ታችም ድርብ ሆኗል። ቀጭኑ ከወፍራሙ ጎን ቆሟል። ጎረቤቴ “ተያት፣ ራሱ ይወድቃል” አለችኝ። ልጠብቅ?

ዶክተር፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አትጠብቂ እህቴ።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ ያወጣል። አዋቂ ውሻ 42 ጥርስ አለው። ቅያሬው ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ከፊት ጥርሶች ይጀምራል። ክራንቻዎቹ በ5 ወይም በ6 ወር ይመጣሉ። 7 ወር ሲሞላ ነገሩ ማለቅ አለበት። አዲሱ ብቅ ሲል አሮጌው ቦታ መልቀቅ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ክራንቻ አይቆምም። በትልልቅ ውሾች የወተቱ ጥርስ ሥር ይሟሟና በሰዓቱ ይወድቃል። በትንንሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ሥሩ ሳይሟሟ ተጣብቆ ይቀራል።

ይህ የመልክ ጉዳይ እንዳይመስልሽ። በሁለቱ መሃል ምግብና ፀጉር ይሰገሰጋል፣ ድዱ ገና በልጅነቷ ይታመማል። የታችኛው ደግሞ የባሰ ነው። የላይኛው አዲስ ክራንቻ ከወተቱ ፊት ለፊት ይወጣል። የታችኛው ግን በምላስ በኩል፣ ከወተቱ በስተውስጥ ነው የሚወጣው። የወተቱ ካልተነሳለት ወደ ውጭ ዘንበል የሚልበት ቦታ ያጣል። አፏን በገጠመች ቁጥር ላንቃዋን ይወጋታል። ላንቃዋ የተበሳ ውሻ ደግሞ “ምግብ መረጠች” ትባላለች እንጂ አፏን ከፍቶ የሚያይላት የለም።

በጉጠት የሚነቅል ሰው ቤትሽ እንዳይገባ። የወተት ክራንቻ ሥሩ ከሚታየው ይረዝማል፣ ቀጭንም ነው። ቀጭ ብሎ ውስጥ ይቀራል። አዲሱንም ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። በማደንዘዣ ይወጣል። ልታስመክኛት አስበሽ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ማደንዘዣ አስጨርሺ። ግን ለእሱ ብለሽ ወራት አታቆዪው።

የሉሉ እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ኧረ እኔ በሁለት መስመር የምትመልስልኝ መስሎኝ ነበር። አመሰግናለሁ።

የጃክ ጌታ፣ ሆጤ፦ ጃክ ፑድል ነው፣ 5 ዓመቱ፣ 6 ኪሎ። ጥርሱ ሥር ቡኒ ድንጋይ ይዟል። አንድ ልጅ “ማደንዘዣ ሳያስፈልግ በብረት ፍቄ አነጣልሃለሁ” አለኝ። ላስፈቅ?

ዶክተር፦ አታስፈቅ። ይህን ነገር ሳልሰለች እናገራለሁ።

በየቀኑ ጥርስ ላይ ለስላሳ ንጣፍ ይጋገራል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያጠነክረዋል። የምታየው ድንጋይ እሱ ነው። በሽታው ግን ድንጋዩ አይደለም። በሽታው ከድድ በታች ነው። ጀርሞቹ ድዱን ያስቆጡና ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል። አብዛኞቹ ውሾች 3 ዓመት ሲሞላቸው የድድ ሕመም ምልክት ይታይባቸዋል። ትንንሾቹ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ በትንሽ አፍ ውስጥ ያው 42 ጥርስ ነው የተጨናነቀው።

ነቅቶ ያለ ውሻ ከድዱ ሥር ብረት ሲገባ ዝም አይልም። ስለዚህ ያ ልጅ የሚፍቀው የሚታየውን ብቻ ነው። ጥርሱ ነጣ ብለህ ደስ ይልሃል፣ ሥሩ እየተበላ ይቀጥላል። ብረቱ ጥርሱን ስለሚቧጭረው ደግሞ ቆሻሻው ከበፊቱ ቶሎ ይይዛል። ውሻውም ቂም ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ አፉን ለብሩሽ አይሰጥህም።

ትክክለኛው ጽዳት በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ቆሻሻ ውሃ ሳንባ እንዳይገባ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። እያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያውን ይለካል። ከድድ በታች ይጸዳል፣ ከዚያ ይለሰልሳል። ራጅ ካለ በጣም ጥሩ፤ የሥሩን ነገር ዓይን አያየውም።

ባለ ሻይ ቤቱ፣ ፒያሳ፦ ማደንዘዣው ራሱ ስንቱን ገደለ እኮ ዶክተር።

የጃክ ጌታ፣ ሆጤ፦ የሰፈራችን ሰው ውሻ ሳይነቃ ቀርቷል። ለዚህ ነው የፈራሁት።

ዶክተር፦ አደጋ የለውም አላልኩም። ለዚህ ነው ቀድሞ የልብና የደም ምርመራ የሚያስፈልገው። ትንሽ ውሻ ማደንዘዣ ላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። የሚያሞቀው፣ ትንፋሹንና ልቡን እስኪነቃ የሚከታተል ሰው መኖሩን ጠይቁ። በጣም ትንንሽ ቡችሎችን ደግሞ “ለማደንዘዣ” ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ አታስርቡ፣ ስኳራቸው ይወርዳል። ስንት ሰዓት እንደሚጾም ሐኪሙ ይንገራችሁ።

እንግዳ፣ ደሴ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ዶክተር፦ ዋጋ አልጽፍም። ክሊኒኩን ጠይቅ።

የቡቺ አባት፣ ቧንቧ ውሃ፦ ኮልጌት ትንሽ ብቻ ብቀባውስ? የልጆች የሆነውን?

ዶክተር፦ የመጀመሪያውን መስመር አላነበብክም። አይሆንም። የልጆችም አይሆንም። ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ፍሎራይዱ ሆድ ያውካል። አንዳንዱ ሳሙና ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፤ እሱ የውሻን ስኳር በፍጥነት ይጥላል፣ ጉበትም ይጎዳል። የውሻ ሳሙና ካላገኘህ በውሃ ብቻ ቦርሽ። ሥራውን የሚሠራው ብሩሹ ነው።

ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ሸዋ በር፦ እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? አጥንት ስጡት፣ ራሱ ያጸዳል። የኛ ግቢ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ አጥንት ቆርጥሞ ነው ያረጀው። ጥርሱ እንደ በረዶ ነው።

የሚሚ እህት፣ ኮምቦልቻ፦ ያንተ ውሻ ጅብ የሚያባርር ነው! የኔዋ 3 ኪሎ ናት።

ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ሸዋ በር፦ ውሻ ውሻ ነው። በሻምፖ ያሞላቀቃችኋቸው እናንተ ናችሁ።

የሚሚ እህት፣ ኮምቦልቻ፦ አንተ ደግሞ ገበያህን ነው የምታስበው።

ባለ ሻይ ቤቱ፣ ፒያሳ፦ አጥንቱን በነጻ ከሰጠን እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

ዶክተር፦ በቃ። አጥንት ጥቂት ድንጋይ ያነሳል፣ እውነት ነው። ግን ላይኛው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ በጠንካራ አጥንት ይሰነጠቃል። ጎኑ ተላጦ ነርቩ ይጋለጣል። ከዚያ ውሻው በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል፣ እናንተም ሳታውቁ ወራት ያልፋሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። የቀንድ ቁራጭም ያው ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ በጥፍራችሁ ስትጫኑት የማይጎደጉድ ነገር ለትንሽ ውሻ አይሰጥም። ወጥ የነካው አጥንትማ ሽንኩርትም አለበት። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የግቢው ውሻ ጥርስም “እንደ በረዶ” መሆኑን ከንፈሩን አንስተህ እስከ ኋላ አይተህ ንገረኝ።

የቤላ እናት፣ ደሴ፦ እሺ መቦረሽ እንዴት ልጀምር? ፖሜራኒያን ናት፣ 1 ዓመቷ፣ 3 ኪሎ፣ ደረቅ ምግብ። ብሩሹን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች።

ዶክተር፦ ብሩሹን ለጊዜው ደብቂው። መጀመሪያ ጣትሽን ብቻ። ከንፈሯን አንስተሽ አንዱን ጥርስ ንኪና አመስግኚያት። በቃ፣ ለዚያ ቀን አለቀ። ይህን ከለመደች በኋላ ጣትሽ ላይ እርጥብ ጎዝ ጠምጥሚ። ሽንኩርትና ጨው የሌለበት የሥጋ መረቅ ብትነክሪው ራሷ ትመጣልሻለች። ከዚያ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ።

አፏን አትፈልቅቂ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፏ እንደተገጠመ ጉንጯን ብቻ ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ። በምላስ በኩል ያለውን ተዪው፣ የውጩን ጎን ቦርሺ። ብሩሹ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር ይንካ። በተለይ ላይኛው የኋላ ጥርስ ጉንጭ በሚነካበት በኩል። ምራቅ የሚፈስበት ቀዳዳ እዚያ ስለሆነ ድንጋይ ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው። ለአንድ ጎን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ። በሳምንት አንዴ ቦርሾ “ቦርሻለሁ” ማለት አይቻልም፣ ድንጋዩ በሁለት ሦስት ቀን ይጠነክራል ብያለሁ። ድዷ ደምቶ ከቀጠለ ወይም ካመማት አቁሚና አስመርምሪያት። የታመመ ድድ መጀመሪያ ይታከማል እንጂ አይቦረሽም።

ስም የለኝም፦ በወይራ መፋቂያስ?

ዶክተር፦ ለራስህ።

ተማሪ፣ ዓረብ ገንዳ፦ ዶክተር እኔ ሙስሊም ነኝ። ውሻውን ለጥበቃ ነው የያዝነው፣ ትንሽ ቢሆንም ይጮሃል። ጥርሱን ስቦርሽ ምራቁ ይነካኛል። ምን ላድርግ?

የጃክ ጌታ፣ ሆጤ፦ ሰባት ጊዜ መታጠብ ነው፣ አንዱ በአፈር።

ተማሪ፣ ዓረብ ገንዳ፦ እሱማ ዕቃ ሲልስ ነው። ለእጅ የተለየ ነገር ሰምቻለሁ።

ባለ ሻይ ቤቱ፣ ፒያሳ፦ መዝሀቡ ይለያያል ወንድሜ።

ዶክተር፦ ይህን ሸይኽህን ጠይቅ፣ እኔ አልገባበትም። ከእኔ በኩል ጓንት አድርግ። ጓንት ለሁሉም ሰው ጥሩ ነው።

እንግዳ፣ ኮምቦልቻ፦ ውሻዬ አፉ ይሸታል። ምን ይሻለኛል?

ዶክተር፦ ዕድሜ? ክብደት? ምግብ? ከንፈሩን አንስተህ ምን አየህ? ሽታው ብቻውን ጥያቄ አይደለም።

የሬክስ ወንድም፣ ኮምቦልቻ፦ የኔ ይቅደም እባክህ። ሬክስ ከትናንት ጀምሮ አፉ አልገጠም አለ። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ውሃ መጠጣት አቅቶታል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው መሰለኝ። እጄን ከትቼ ላውጣለት? 3 ዓመቱ ነው።

ዶክተር፦ እጅህን አትክተት! ክትባት አለው?

የሬክስ ወንድም፣ ኮምቦልቻ፦ ቡችላ ሳለ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተከተበም። ባለፈው ወር ከውጭ ውሻ ጋር ተናክሷል።

ዶክተር፦ እንግዲህ ሁላችሁም ስሙ። አጥንት ላንቃ ላይ ሊሰነቀር ይችላል፣ ያ ውሻ ብዙ ጊዜ በእግሩ አፉን ይቧጥጣል። ግን አገጩ የወደቀ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ አይናከስም፣ አያብድም። ዝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ አለ። ቤት ሆነህ ሁለቱን አትለያቸውም፣ እኔም በጽሑፍ አልለያቸውም። ሰው የሚያልቀው “አጥንት ላውጣለት” ብሎ እጁን ሲከት ነው።

አሁን ክፍል ውስጥ ዝጋበት። ልጆች አይጠጉት። አትግደለው፣ በመኪናም አትጫነው። የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም ደውለህ ወዳለህበት ጥራ። ምራቁ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ የነካው ሰው አለ?

የሬክስ ወንድም፣ ኮምቦልቻ፦ እናቴ ጣቷ ላይ የቢላ ቁስል አላት። ጠዋት ውሃ ልታጠጣው ስትል ነክቷታል።

ዶክተር፦ አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡላት። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ትሂድ፣ የሆነውን ሁሉ ትንገራቸው። ጸበሉም ዱዓውም ክትባቱን አያዘገይ። ምልክቱ ሰው ላይ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ይህን መልስ አትጻፍልኝ፣ ተነስ ሂድ።

የሚሚ እህት፣ ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ቶሎ ከሄደች ደህና ትሆናለች። ሰፈርህን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ባጃጅ ልላክ።

ዶክተር፦ ጥሩ። ቀጥሉ። የውሻችሁ ዓመታዊ ክትባት ያለፈበት ግን ከብሩሹ በፊት እሱን ጨርሱ።

የቶቢ እናት፣ ሆጤ፦ ቶቢ ከዓይኑ ሥር አብጧል። 8 ዓመቱ ነው፣ 5 ኪሎ፣ እንጀራና ሥጋ። የዓይን ጠብታ አድርጌለት ጎደለ፣ አሁን ተመለሰ።

ዶክተር፦ ዓይኑ ላይሆን ይችላል። የላይኛው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ሥሩ እዚያ ድረስ ይደርሳል። ሲመግል ከዓይን ሥር ያብጣል፣ አንዳንዴም ፈንድቶ ይፈሳል። ጥርሱ ካልታከመ ይመላለሳል። ያንን ጥርስ አስመርምሪ።

እንግዳ፣ ደሴ፦ አሞክሳሲሊን ብሰጠውስ? ለሕመሙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ አለኝ።

ዶክተር፦ ሁለቱንም አትስጥ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ። አንቲባዮቲክ ደግሞ የበሰበሰ ጥርስ አይነቅልም።

እትዬ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ልጄ፣ የኔዋ ቺዋዋ 12 ዓመቷ ነው። ሩዝና ሥጋ ነው የምሰጣት። ጥርሷ ይነቃነቃል፣ ስታስነጥስ አልፎ አልፎ ደም አለው። አርጅታለች ብዬ ተውኳት። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ዶክተር፦ እትዬ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። የላይኛው ክራንቻ ሥር ከአፍንጫ የሚለየው በስስ አጥንት ነው። ያ አጥንት ሲበላ ከአፍ ወደ አፍንጫ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ማስነጠሱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ግን ሌላ ነገርም አፍንጫ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል መታየት አለባት። ከአልጋ ላይ ስትዘል ይጠንቀቁላት። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከሳሳ በትንሽ ነገር ይሰበራል። እርጅና ብቻውን ማደንዘዣ አይከለክልም፤ ልቧና ኩላሊቷ ይመርመሩ። ጥርሷ ሁሉ ቢነቀል እንኳ ለስላሳ ምግብ በደንብ ትበላለች። አሁን ነው እያመማት ያለው።

እትዬ፣ ቧንቧ ውሃ፦ እሷ እኮ አታለቅስም።

ዶክተር፦ ውሻ ለጥርስ አያለቅስም እትዬ። ዝም ብሎ ይበላል።

አዲስ ገቢ፦ ድንጋዩን በምላጭ ቀስ ብዬ ባነሳው ችግር አለው?

ዶክተር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ምላጭም ብረት ነው።

የጃክ ጌታ፣ ሆጤ፦ እሺ አሳመንከኝ። ደሴ ውስጥ የት ልውሰደው?

ዶክተር፦ የግል ክሊኒክ ስም አልጠራም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው፣ ከዚያ መጠየቅ ትችላለህ። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሥራ የከብት፣ የበግና የፍየል ነው። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ደውል። ትንሽ ውሻ በሙሉ ማደንዘዣ ትሠራላችሁ? የመተንፈሻ ቱቦ ታስገባላችሁ? ከድድ በታች ታጸዳላችሁ? “ኧረ እንዲሁ ይዘነው እንፍቃለን” ካሉህ አመስግነህ ዝጋ። ካልተገኘ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያም ደውለህ ሂድ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ አብልታችሁ አትጫኑት፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያስመልሰዋል።

የሚሚ እህት፣ ኮምቦልቻ፦ የሬክስ እናት ጤና ተቋም ገብታለች፣ ጀመሩላት። የእንስሳት ሐኪሙም እየመጣ ነው።

ዶክተር፦ ቀጠሮዎቹን ሁሉ ትጨርስ በያት፣ አንዱንም እንዳትዘል።

ስም የለኝም፦ ለድመትስ ዶክተር?

ዶክተር፦ ሌላ ቀን።