የደነዘዘ ከንፈርና የዘመመ ከንፈር

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አካባቢ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለሥልጠና የሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ፈረስና አህያ ጥርስ ነቀላ ስጽፍ «የፊት ነርቭን በክልላዊ ማደንዘዣ ማደንዘዝ» አልኩ። ባልደረባዬ «አማርኛው አይገባም» አለኝ። ገበሬዎቹም ነርቭ ስላቸው «ጅማቱን ነው?» ይሉኛል። ምን ልበል?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነቱን ነው። «ክልላዊ» ከሚለው ልጀምር። ዛሬ ደሴ ላይ «ክልል» ቢሉ ሰው የሚያስበው አማራ ክልልን ነው። ክልላዊ ማደንዘዣ ማለት ከክልሉ ቢሮ የመጣ መድኃኒት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሥራውን ይንገሩት፦ «ነርቩ አጠገብ ተወግቶ ያንን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ»። ረዘመ ብለው አይስጉ። አንዴ ካስረዱ በኋላ «የነርቭ ማደንዘዣ» ይበቃል።

«የፊት» የሚለውም ሁለት ትርጉም አለው። «የፊት እግር» ስንል ከኋላው መለየታችን ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ነርቩ ራሱ ሌላ መሆኑ ነው። ለእርስዎ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ለሌላው አንባቢ ስል ግን ልበለው። «የፊት ነርቭ» የሚባለው ከንፈርን፣ የዓይን ቆብንና ጆሮን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ (ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች ሰባተኛው) ነው። የጥርስን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ደግሞ አምስተኛው ነው። ጥርስ ለመንቀል የሚደነዝዘው የአምስተኛው ቅርንጫፍ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ያየኋት አህያ ትዝ ትለኛለች። ልባቧ ጉንጯ ላይ ጠብቆ ሲጫናት ከርሟል። ከንፈሯ ወደ ጤነኛው ጎን ሄዷል። ያኘከችው ገለባ በላላው በኩል ይወድቃል። ባለቤቷ፣ አንድ አዛውንት፣ «ከንፈሯ ዘመመ» አሉኝ። «ደነዘዘ» አላሉም። የላላውን ከንፈር በጭራሮ ነካ ቢያደርጉት ራሷን መንጭቃ ወሰደች። ስሜቷ አለ፤ የጠፋው እንቅስቃሴዋ ነው። አዛውንቱ ቃሉን በቦታው ነው ያዋሉት።

«ደነዘዘ» የስሜት ቃል ነው። ብዙ ተቀምጠን ስንነሳ «እግሬ ደነዘዘ» እንላለን። ደነዝ ቢላዋ አይቆርጥም፤ የደነዘዘ አካልም አይሰማውም። እንቅስቃሴ ሲጠፋ ግን «ሽባ ሆነ» ወይም «ሰለለ» ነው የሚባለው፤ ለከንፈር ደግሞ «ዘመመ»። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ዓይን ሲመረመር እንስሳው እንዳይጨፍን ወደ ዓይን ቆብ የሚሄደውን የሰባተኛውን ቅርንጫፍ ትወጉ የለ? ቆቡ አይጨፈንም፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። እዚያ ላይ «ማደንዘዝ» ብለው ከጻፉ ሠልጣኙ «አይሰማውም» ብሎ ምላጭ ያነሳል። እንስሳዋ ደግሞ አፍ አውጥታ አትናገር።

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ነው፤ ክራርም ይወጠርበታል። ነርቭም ነጭ ክር ስለሚመስል ብዙ ሰው ጅማት ይለዋል። እርስዎ ግን ሲጽፉ «ነርቭ» ይበሉ። ቃሉ አማርኛ ከሆነ ቆየ። ለገበሬው በአፍ ሲያስረዱ «ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ክር» ቢሉት ይገባዋል።

ሐረግዎን እንዲህ ያስተካክሉት፦ «ከመንቀል በፊት፣ ወደ ጥርሱ የሚሄደውን ነርቭ በመርፌ ማደንዘዝ»።

አንድ ልጨምር። ለታችኛው መንጋጋ ሲወጉ ምላስም አብሮ ሊደነዝዝ ይችላል። እንስሳዋ ሳታውቀው ትነክሰዋለች። ባለቤቱን ሲያስጠነቅቁ «መድኃኒቱ እስኪያልቅ» አይበሉ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ይመስላቸዋል። «ድንዛዜው እስኪለቃት መኖ አይስጧት» ይበሏቸው።