አልኮል፣ ጤናና ፖሊሲ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ መጠጣት አለመጠጣት የግል ምርጫ አይደለም እንዴ? መንግሥታትን ምን አገባቸው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ሳቢያ ሞተዋል። ሰክሮ የሚነዳ ሹፌር የገጨው እግረኛ ምን መረጠ? ሰክሮ በገባ አባት የሚደበደበው ልጅስ? የግል ምርጫ የምንለው እነሱን ረስተን ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቀይ ወይን ለልብ ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ብዙዎቹ የቀድሞ ጥናቶች ታመው መጠጥ ያቆሙትን ሰዎች ከማይጠጡት ጋር ደባልቀው ስለቆጠሩ፣ በልክ የሚጠጡት የተሻለ ጤና ያላቸው መስለው ታዩ። ካንሰርን በተመለከተ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የአልኮል መጠጦች ከ1988 ጀምሮ ከትምባሆ ጋር በአንደኛው የካንሰር አምጪዎች ምድብ ማለትም ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ውስጥ ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ከኤታኖሉ ስለሆነ ወይኑም ቢራውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን እንደ ትምባሆ ዓለም አቀፍ ውል የለውም?

መልስ፦ እኔንም በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። የትምባሆው ስምምነት በ2003 ጸድቆ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ፤ ፈራሚዎቹን ያስገድዳል፤ የጤና ፖሊሲያቸውንም ከአምራቾቹ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ለአልኮል ያለው ግን የዓለም ጤና ድርጅት የ2010ሩ ስትራቴጂና በ2022 የጸደቀው የድርጊት ዕቅድ ነው። ሁለቱም ማንንም አያስገድዱም። ክፍተቱን የሚሞላው የአምራቾቹ «በኃላፊነት ይጠጡ» የሚል መፈክር ሲሆን፣ ሸክሙን በሙሉ ጠጪው ላይ ይጥላል። ከሽያጩ የሚያተርፈው ወገን የቁጥጥሩን ሕግ በማርቀቅ መሳተፍ የለበትም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሚሠራ መፍትሔ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዋነኛው ዋጋ ነው። ስኮትላንድ አልኮል ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በ2012 ብታወጣም፣ የውስኪ አምራቾች ማኅበር ፍርድ ቤት ስለከሰሰ እስከ 2018 ዘገየ። ከተጀመረ በኋላ የተደረገው ግምገማ፣ በቀጥታ በአልኮል የሚከሰቱ ሞቶች ሕጉ ባይኖር ይሆኑ ከነበሩት በ13.4 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። ስድስት ዓመት በክርክር ማለፉ ያስቆጫል።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ መከልከልስ?

መልስ፦ ይረዳል፤ በተለይ ገና መጠጥ ላልጀመሩ ወጣቶች። ማኅበራዊ ሚዲያውን ካልጨመረ ግን ጎዶሎ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ ኖሯል። ከነገ ጀምሮ ጨርሶ እንዲተው ልምከረው?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አትምከሪው። ሰውነቱ ከለመደው በኋላ ድንገት ሲቋረጥበት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ በመድኃኒትና በክትትል ማቆም ይቻላል። እስኪሄድ ድረስ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተቃዠ ሳትዘገዪ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።