«ጠዋት ካልሲ ሳወጣ አልጋ ስር ይገባል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። እስከ አምና ድረስ ትምህርት ቤት ደህና ይውል ነበር። አስተማሪዎቹም «ጸባዩ ግሩም ነው» ይሉኝ ነበር። ከገና ወዲህ ግን ሌላ ልጅ ሆነብኝ። ጠዋት ካልሲ ሳወጣ አልጋ ስር ይገባል። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ጠፋበት። የሚወደውን ሽሮ እንኳን አይነካም። ትምህርት ቤቱ የቀረባቸውን ቀኖች ቆጥሮ ደብዳቤ ላከብኝ። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች ጠበል ውሰጂው ትለኛለች። ሥራዬን ለቅቄ እቤት ላስተምረው? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አላሞላቀቅሽውም። ይህን ለባለቤትሽም አንብቢለት።

የእኔ ልጅ አሁን 19 ዓመቱ ነው። በ9 ዓመቱ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ ውሃ በሌለበት የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የአውቶቡሱ ድምፅ እስኪርቅ አይወጣም። አንድ ቀን እጁን ይዤ ጎትቼዋለሁ። ያን ጠዋት ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይላወሳል።

እዚህ በርንአውት ይሉታል፤ እኔ መዛል እለዋለሁ። ልጁ የካፍቴሪያውን ጫጫታ፣ የደወሉን ጩኸት፣ የክፍሉን መብራት ችሎ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ለመሆን ሲታገል ይከርማል። ከዚያ ጉልበቱ ያልቃል። በ2020 የወጣና ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች ራሳቸውን ያነጋገረ ጥናት ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ ለወራት የሚቆይ ድካም፣ የነበረ ችሎታ መጥፋት፣ ድምፅና ብርሃንን የመሰለ ነገር መቋቋም ማቃት። ልጅሽ «ጸባዩ ግሩም ነው» እየተባለም ውስጡ ሲዝል ከርሞ ይሆናል።

ቢሆንም ሐኪም ይየው። ንግግር ሲጠፋና ምግብ ሲቀር የጥርስ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ድብርትም ሊኖር ይችላል። እናትሽን አታስቀይሚያት፤ ትጸልይለት። ግፊያና ጩኸት ያለበት ቦታ ግን አሁን አይውሰዱት።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። እባክሽ በችኮላ ከትምህርት ቤት አታስወጪው። ሜሪላንድ ውስጥ እቤት ላስተምር ካልሽ ከ15 ቀን በፊት ፎርም ሞልተሽ ታሳውቂያለሽ፤ ይፈቀዳል። ግን ያን ጊዜ አይኢፒው፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጁ ያወጣው የልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ ላይ የተጻፈውን የንግግር ሕክምናና ሌላ ድጋፍ ሁሉ የመስጠት ግዴታቸው ይቀራል። ሥራሽንም ድጋፉንም አንድ ላይ ታጫለሽ።

ሌላ መንገድ አለ። «ሆም ኤንድ ሆስፒታል ቲቺንግ» ብለሽ ጠይቂ። ሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጁ ለጊዜው ትምህርት ቤት መዋል እንደማይችል ይፈርምልሻል። ልጅሽ ከመዝገብ ሳይወጣ አስተማሪ ይመደብለታል። ሙሉ ቀን ይማር ለነበረ ልጅ በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ነው። በ60 ቀን ውስጥ እንደገና ይታያል።

እኛ ቤት የመጣችው አስተማሪ የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር አላወጣችም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የሜትሮውን ካርታ ዘረጋች። ከግሌንሞንት ጀምራ ቀዩን መስመር በጣቷ ትከተላለች። ዊተን ብላ ዝም አለች። ወራት ሙሉ ቃል ያልወጣው ልጄ «ፎረስት ግሌን» አለ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሂሳቡን በኋላ በዚያው በባቡር ተማረው፤ ከዚህ ጣቢያ እዚያ ስንት ደቂቃ እያሉ።

ሲሻለውም በአንድ ጊዜ ሙሉ ቀን እንዳትመልሺው። የእኔ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ጀመረ፤ ያውም በሚወደው የሥዕል ክፍለ ጊዜ። አጭር ቀን፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለብቻው ምሳ፣ እነዚህ ሁሉ አይኢፒው ላይ ሊጻፉ ይችላሉ። መንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ የማይሆነው ከሆነ የአይኢፒው ቡድን ወደ ግል ልዩ ትምህርት ቤት ሊመድበው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጪው የአንቺ አይደለም።

የአይኢፒ ስብሰባ በፈለግሽው ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ። አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። እኔ በመጀመሪያው ስብሰባ አፍሬ ያለ አስተርጓሚ ገባሁ። ግማሹ ሳይገባኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ፈረምኩ። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። የሚያዩትን ወረቀት ከስብሰባው 5 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡሽ ይገባል፤ ካልመጣ ጠይቂ።

ዛሬ ማታ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፊ፦ «የልጄ የአይኢፒ ስብሰባ በአስቸኳይ ይጠራልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ።» በስልክ ብቻ እንዳይሆን፤ የተጻፈ ነገር ቀን አለው። ለመጣብሽ ደብዳቤም የሐኪሙን ወረቀት አያይዘሽ በጽሑፍ መልሺ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ካልሲውን ከመሳቢያ አታውጪው።